ዝብርቅርቅን ፍለጋ ወሎ፦ የአሥር ቀን የሥዕል ጉዞ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ የወጣ ሚኒባስ ደብረ ብርሃንን በብርድ ያልፋል። የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ጃኬት ይወልቃል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ተገዛ፤ ከዚያ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ከሚሴ እያለ መንገዱ ቆላ ቆላውን ይሄዳል። ከሚሴን እንዳለፍን አንድ ጎማ ፈነዳና ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ዋልን፤ ማሽላው እየታጨደ ስለነበር ጊዜው ለንድፍ ጥሩ ሆነ።

አራት ሰዓሊዎች ነን። የጉዞው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው። ኤክስፕረሺኒስት ሥዕል፣ ማለትም ለስሜት ሲል መልክንና ቀለምን የሚያጣምም ሥዕል፣ ሲያዩት የተዘበራረቀ ነው፤ ቤቱ ይዘማል፣ ፊቱ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ይፈላል። ግን እንዲያው በግድየለሽነት የተዘበራረቀ ሸራ አጠገቡ ቢቀመጥ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። አንደኛው ይይዛል፣ ሌላው ይፈርሳል። የሚይዘው ነገር ምንድን ነው? ነገሩን በአገራችን ለማየት የሚፈልግ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ቢጀምር ይበጃል። ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ፣ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። የብሩሹ ምት ቁጣ ቢመስልም የቱ ጋ እንደሚያርፍ ያውቃል። እኛም ያንን «የቱ ጋ» ለመፈተን ነው ገበያ፣ ገደልና ሐይቅ ያለበትን ወሎን የመረጥነው።

ኮምቦልቻ ማታ ገባን። አልጋ 600 ብር፣ ውሃው ሙቅ፣ ግቢው ሰፊ፤ ለማግስቱ ሥራ የሚያስፈልገው ደግሞ ግቢው ነበር።

ኅዳር 15፣ እሑድ። ኮምቦልቻ

የነቢያት ጾም የገባበት ቀን ነው። ምሳ ቤቱ በአንድ ወገን በያይነቱ፣ በሌላው ወገን ጥብስ ያወጣል፤ ወሎ ላይ ጿሚውና የማይጾመው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን ማንም እንደ ነገር አያየውም። በያይነቱው 130 ብር ነበር፣ ከአዲስ አበባው በሩብ ይረክስ ነበር፤ የሽሮው ውፍረት ግን ይበልጣል።

ቀኑን ሙሉ ሸራ ስንወጥር ዋልን። ከአዲስ አበባ የተወጠረ ሸራ ጭኖ መምጣት ሞኝነት ነው፤ ጥግ ጥጉ ይቀደዳል። ሞራሌና አቡጀዲ እዚሁ ይገኛል። ሞራሌው 4 በ5 ሳንቲ ሜትር፣ ጥጉ በ45 ዲግሪ የተቆረጠ ይሁን። አናጢው መዘንጋት የሌለበት ነገር ቢኖር የውስጠኛውን ጠርዝ በመላጊያ ማዘመም ነው፤ ጨርቁ እንጨቱን ሙሉ ለሙሉ ከነካ ከጊዜ በኋላ የእንጨቱ መስመር በሥዕሉ ላይ ይወጣል። አቡጀዲው መጀመሪያ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ፋብሪካ የሚቀባው ሙጫ ካልለቀቀ ኮላው አይሰርጽም። ስፒሉ ከየጎኑ መካከል ተጀምሮ ወደ ጥግ ይመታል፣ አንድ ከዚህ አንድ ከፊት ለፊቱ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት ሆነ። 80 በ100 የሆነው ትልቁ ሸራ በደረቁ እንደ ከበሮ ተወጠረ፤ መስቀለኛ ማገርም አልነበረውም። ኮላው ሲቀባ አቡጀዲ ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሌሊቱን ጎትቶ ጎትቶ ፍሬሙን አጣመመው። ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ጎን ማገር ይፈልጋል፣ ውጥረቱም በደረቁ መጠነኛ ይሁን፤ ቀሪውን ኮላው ራሱ ይስበዋል።

ቅቡ እንዲህ ነው። ኮላ 1 እጅ በውሃ 3 እጅ ቀጥኖ አንድ ጊዜ፣ ከደረቀ በኋላ አክሪሊክ ጄሶ (ሸራን ለቀለም የሚያሰናዳ ነጭ ቅብ) ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በቁም ሌላው በአግድም፣ በመካከል በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ማድረግ። ርካሽ የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም በጄሶ ፋንታ አይሆንም፤ ዱቄቱ ብዙ፣ የሚያያይዘው ሙጫ ትንሽ ስለሆነ ይረግፋል። መጨረሻ ላይ ነጩን እንዲሁ አንተወውም፤ በቀጭኑ የቀይ አፈር ቀለም እንሸፍነዋለን። በነጭ ላይ የሚያርፍ ምት ሁሉ የጠቆረ ይመስላል፣ በምቶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ያብረቀርቃል። ቀይ አፈር ከሆነ ግን ክፍተቱ ራሱ ሥዕሉን ያስተሳስረዋል። በ1905 እ.ኤ.አ. ድሬስደን ላይ «ድልድይ» የተባለውን ቡድን የመሠረቱት ወጣት ጀርመኖችም ሸራቸውን እየከፈቱ ይተዉ ነበር፤ ያልተቀባውም ቦታ ሥራ አለው።

ኅዳር 16፣ ሰኞ። ባቲ

ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ገበያዋ ሰኞ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ያልደረሰ ግርግሩን አያገኝም፤ 8 ሰዓት ላይ መበተን ይጀምራል። የአፋር ግመል፣ የኦሮሞ ፍየል፣ የደጋ ጤፍና ገብስ፣ የጫት እስር፣ ከፀሐይ የሚከልል ሰማያዊና ብርቱካንማ ሸራ፣ ከሁሉም በላይ አቧራ። ሰው ከመሳል በፊት ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ከብት የሚሸጥ ሰው ፊቱ ላይ ወረቀት ተደግኖ ገበያው እንዲበላሽበት አይፈልግም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለች አንዲት ሻይ ሻጭ አስጠጋችን። «አብሽሩ፣ እስኪበተን ተቀመጡ» አለች፤ ሻዩ 10 ብር፣ ለቦታው ስንከፍል ግን አልቀበልም ብላ ቀረች።

በመጀመሪያው ሰዓት አራታችንም አንድ ዓይነት ስሕተት ሠራን። ያየነውን ሁሉ እኩል ለመያዝ ሞከርን፤ ግመሉም ጆንያውም ሽርጡም በእኩል ጉልበት ሸራው ላይ ወረደ። ውጤቱ የልብስ ሰፊ ቤት ወለል ነው። ዓይን የሚጀምርበትም የሚያርፍበትም ቦታ አጣ።

መፍትሔው ከቀለም በፊት ይመጣል። ዓይንን እስኪጨፈን ድረስ ማጥበብ፤ ያን ጊዜ ዝርዝሩ ጠፍቶ ሦስት ግዝፈቶች ብቻ ይቀራሉ። በሸራዎቹ ሥር ያለው ጥላ ጨለማ ነው። የሰውና የከብት ጅምላ መካከለኛ ነው። አቧራ የለበሰው መሬትና ሰማይ ብርሃን ነው። እነዚህን ሦስቱን በከሰል በአምስት ደቂቃ ውስጥ በመዳፍ በሚያህል ወረቀት ላይ ማስቀመጥ፤ ቅርጹ ከጣመ ወደ ሸራው ማለፍ። ከዚያ ወዲያ ቀለሙ ነጻ ነው። ግመሉ ቀይ ይሁን፣ ሰውየው ሰማያዊ፣ መሬቱ ሐምራዊ፤ ዋናው ነገር የእያንዳንዱ ጨለማና ብርሃን ከተመደበለት ግዝፈት አለመውጣቱ ነው። ከቱቦ የወጣ አልትራማሪን ሰማያዊ በጣም ጨለማ ነው፣ ካድሚየም ቀይ መካከለኛ፣ ቢጫ ብርሃን። ስለዚህ ለጥላው አልትራማሪንና ጥቁር ቀይ፣ ለግመሎቹ ቀይ ወይም ተመጣጣኝ አረንጓዴ፣ ለመሬቱ ነጭ የበዛበት ቢጫና ሮዝ። መፈተኛውም ኪስ ውስጥ አለ፤ ሥዕሉን በስልክ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ማንሳት። ሦስቱ ግዝፈቶች ከተለዩ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ይጩኽ፣ ሥዕሉ አይፈርስም። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ ከወጣ ግን ምንም ደማቅ ቀለም አያድነውም።

ከ«ድልድይ» መሥራቾች አንዱ የሆነው ኪርሽነር ከ1913 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. የሣላቸውን የበርሊን ጎዳናዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። መሬቱ ይንሸራተታል፣ ሰዉ እንደ ቢላ ስለት ይሾላል። በ1914ቱ «ፖትስዳመር ፕላትስ» ግን ሁለቱ ሴቶች በክብ መቆሚያቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሚናወጠው ከተማ በእነሱ ዙሪያ ነው።

ቀኑም ገጠመ። ሩሲያዊው ሰዓሊ ካንዲንስኪ «ቅንብር 7» የተባለውን 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ሸራ ሙኒክ ውስጥ የሣለው በ1913 እ.ኤ.አ. በአራት ቀን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 16 እስከ 19። የአራቱን ቀን ብቻ የሰማ «በስሜት አፈሰሰው» ይላል። ከዚያ በፊት ግን ከ30 በላይ ንድፎችና ጥናቶች ሠርቶለታል። ሸራው ፊት ሲቆም የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ ፍጥነቱም ከዚያ የመጣ ነው።

የባቲ ነፋስ በውሃ ለሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ጠላት ነው። ፓሌት (የቀለም መደባለቂያ ሰሌዳ) ላይ የተጨመቀ ቀለም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቆዳ ያወጣል። እርጥብ ስፖንጅ አንጥፎ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ማድረግና ቀለሙን እዚያ ላይ መጭመቅ ጊዜውን ያራዝማል። ከመካከላችን ሁለቱ ቀለሙ ሲደርቅባቸው ውሃ ላይ ውሃ ጨመሩ፤ ከቀለሙ ሲሶ በላይ ውሃ ሲገባ ሙጫው ይሳሳል፣ ማታ በጣት ሲነካ እንደ ጠመኔ ለቀቀ። የተጣበቀውን አቧራ ግን አልጠረግነውም። ደብዛዛ ገጽታ ሰጠው፤ ባቲም ራሷ እንደዚያ ናት።

ማታ ኮምቦልቻ ስንመለስ ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን ባቲ ቅኝት ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ ከአራቱ ሁለቱ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። አዝማሪው የፈለገውን ያህል ድምፁን ያጥፈው፣ ያንቀጥቅጠው፣ ከአምስቱ ድምፆች አይወጣም። ጨለማና ብርሃን ለሥዕል እንደ ቅኝት ነው።

ኅዳር 17 እና 18። ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁሉም ዳገት፣ ሁሉም ጥምዝ። ጦሳ ተራራ ሥር የተኮለኮሉት ቆርቆሮ ቤቶች አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ጉም ጠዋት ይገባል፣ ረፋዱ ላይ ይገለጣል፣ ከሰዓት ይመለሳል። የሥራ ብርሃን ከ4 እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነው።

ደሴን ያየ ሰዓሊ ሱቲንን ማስታወሱ አይቀርም። ሰዓሊው ሱቲን ከ1919 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. በደቡብ ፈረንሳይ ሴሬ በምትባል ተራራማ ከተማ ተቀምጦ ቤቶቹን፣ ዛፎቹን፣ መንገዱን የመሬት መንቀጥቀጥ እንደመታቸው አድርጎ ሣለ። ቀረብ ብሎ ያጤነ ሰው ግን አንድ ነገር ያገኛል፤ የሚዘመው ነገር እንደየራሱ አይዘምም። ቤቱም ዛፉም ደመናውም አንድ ነፋስ እንደያዛቸው ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ሁሉም በየአቅጣጫው ቢዘም ኖሮ የወዳደቀ እንጨት ይሆን ነበር። ደሴ ላይ ይህን ሞከርነው። ከሸራው ግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ የሚወጣ አንድ መስመር በከሰል ተሰመረ፤ የጣሪያም፣ የግድግዳም፣ የጉምም ምት ከዚያ መስመር ብዙ ሳይርቅ እንዲሄድ ተወሰነ። አንድ የመብራት ምሰሶ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆመ። ምሰሶው ባይኖር የሌላው መዝመም አይታወቅም ነበር፤ የተጣመመ ነገር ጠማማነቱ የሚለካው ከቀና ነገር ጋር ነው። ከጉዞው ሥራዎች ሁሉ የበለጠው ይህ ነው ብለን በሙሉ ልብ እንናገራለን።

ጥፋቱ ሌሊት መጣ። መጀመሪያ የተሠራው አክሪሊክ ነበርና መስኮቱ ክፍት በተረሳበት ክፍል አደረ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ጠዋት ወፍራሙ ቅብ ተሰነጣጥቆ፣ ቀጭኑ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። አክሪሊክ የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው፤ ውሃው ሲሄድ በውስጡ ያሉት ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተጣብቀው አንድ ቆዳ መሆን አለባቸው። ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅንጣቶቹ ይደነድናሉ፣ ሳይያያዙም ይቀራሉ። ክፍሉን ማሞቅ የማይቻል ከሆነ በደጋ ማታ አክሪሊክ አለመንካት ነው።

ስለዚህ ወደ ዘይት ቀለም ዞረን ሥዕሉን እንደገና ጀመርነው። ዘይት በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚደርቀው፤ ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያበላሸውም። ሕጉ ስሱ ከታች፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ነው። የመጀመሪያው ንብር በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) ይቀጥናል፤ ቀጥሎ ያለው ከቱቦው እንደወጣ ይቀባል፤ የመጨረሻው ጥቂት የተልባ ዘይት ይጨመርበታል። ሲገለበጥ ከታች ያለው ገና እየተንቀሳቀሰ ከላይ ያለው ይደርቅና ይሰነጠቃል። የ«ድልድይ» ሰዓሊዎች ቀለማቸው ቶሎ እንዲደርቅና እንዳያብረቀርቅ በቤንዚን ያቀጥኑ ነበር። የዛሬ የመኪና ቤንዚን ግን ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ በተዘጋ ክፍል ደግሞ እሳት ነው፤ አኳራጁ ይበቃል፣ እሱም መስኮት ተከፍቶ።

የጀማሪን ዝብርቅርቅ የሚገድለው ጭቃ ነው። ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ብርቱካንማ፣ ቢጫና ሐምራዊ በእርጥቡ ሸራ ላይ ሲታሹ ቡናማ ግራጫ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ ጎን ለጎን ቢያርፉ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሁለተኛ ሲነኩ ይደበዝዛሉ፣ ሦስተኛ ላይ ያልቅላቸዋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ለሞቃቱ ሦስት፣ ለቀዝቃዛው ሦስት ብሩሽ መለየት፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በጨርቅ መጥረግ፣ ያረፈውን ምት አለመመለስ። ካልጣመ በላዩ መቀባት አይደለም፤ በቀለም ቢላ ገፎ ማንሳት ነው። ሲገፍ የሚቀረው ጥላ ቀይ አፈሩ ላይ ያርፋል፣ ለቀጣዩ ምት ጥልቀት ይሰጠዋል።

ያረፍንባቸው እናት ማታ ማታ ቡና ያፈላሉ፤ በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ የለም። አንድ ማታ የምሰሶውን ሥዕል ትክ ብለው አዩና «ሰፈሩስ ሰፈራችን ነው፤ ክረምት ላይ ጎርፉ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚመስለን» አሉ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ሐይቅ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዓሣ ጥብስ ትኩስ ነው፣ ያን ጊዜ በ250 ብር ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በውሃው ዳር ነው፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አትገባም፣ ከመካከላችን አንዷ ስለዚህ ዳር ቀረች። የቀኑን ምርጥ ንድፍ የሠራችውም እሷ ናት።

ሐይቅ የከበደን ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው። የተረጋጋ ውሃ ላይ ሁከት በግድ ሲጫን ውሸት ይሆናል። ኖርዌያዊው ሰዓሊ ሙንክ በ1893 እ.ኤ.አ. ካርቶን ላይ የሣለው «ጩኸት» እዚህ ይረዳል። ሰማዩና ውሃው ይጠማዘዛሉ፤ የድልድዩ መደገፊያ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎችም አልተጣመሙም። የሚጮኸው ሰውዬው ነው፣ መደገፊያው አይጮኽም። ሐይቅ ላይ የውሃው ዳር መስመር በአግድም ቀጥ ብሎ እንዲቀር ተደረገ፤ ሁከቱ በደንገሉና በነጸብራቁ ብቻ ተወሰነ። ከሸራው ሲሶ ብቻ ሲናወጥ ቀሪው ጸጥታ ያስፈራል።

ኅዳር 20 እና 21። ላሊበላ

ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልድያ፤ ከዚያ ድልብን ወጥቶ በጋሸና ወደ ላሊበላ መታጠፍ። ድካም ነው እንጂ የሚወራለት ነገር የለውም።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ቤተ ማርያም እስከ ቅዳሴ ማብቂያ ሰው በሰው ነበር፣ ሥዕሉን ያየነው ከሰዓት ነው። ብልጭታ ያለው ካሜራ አይፈቀድም፣ ማስታወሻ በእርሳስ ብቻ። ቅስቶቹና ጣሪያው በሐረግ፣ በመስቀልና በእንስሳት ተሸፍነዋል፤ መካከል ላይ በጨርቅ የተሸፈነው ዓምድ ቆሟል። ሐረጉ ከሩቅ አንድ ወጥ ነው፤ ከቅርብ ሲታይ አንዱ ድርብ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ እጅ የሄደበት ሁሉ ይታያል። በኋለኛው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግም ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። የሰውን መልክ ለስሜት ብሎ ማጣመም ለእኛ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ የእኛዎቹ የሚያጣምሙበት ሕግ ለሁሉም የታወቀ መሆኑ ነው። ኤክስፕረሺኒስቱ ግን ሕጉን ለእያንዳንዱ ሸራ እንደ አዲስ ማውጣት አለበት፣ ተመልካቹም ከሸራው ላይ ማንበብ እንዲችል አድርጎ።

ኅዳር 22 እና 23። መልስ

ያልደረቀ የዘይት ሥዕል ሁለት ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሞ፣ በአራቱ ጥግ የቡሽ ቁራጭ አስገብቶ፣ በገመድ ጠፍሮ ማሰር ነው። ቡሹ በቀጭን ሚስማር ይመታ፤ በማጣበቂያ ብቻ የተያዘው ከወልድያ በኋላ ባለው ኮረኮንች ተንሸራተተ። ኮምቦልቻ ላይ ሲፈታ የደሴው ምሰሶና አንድ የሐይቅ ሥዕል ተጣብቀው ነበር። ሲላቀቁ ወደ ጎን ማንሸራተት አይገባም፣ ያድጠዋል፤ ከአንድ ጥግ ቀጥ ብሎ ቀስ እያለ ይነሳል።

ከደሴው ሥዕል የጉሙ ቀለም በመዳፍ ስፋት ተነስቶ ቀይ አፈሩ ወጣ። በስልክ ጥቁርና ነጭ ተነስቶ ሲታይ ቦታው ከጎኑ ካሉት ጣሪያዎች ጋር በአንድ መካከለኛ ግራጫ ውስጥ ገባ፤ ስለዚህ ሳይነካ ተተወ። የሐይቁ ግን የተነሳው ከውሃው ዳር መስመር ላይ ነው፣ የቀናው መስመር ተቆርጧል። እሱ ተገፎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ይሰመራል። ለሁለቱም ቫርኒሽ ከስድስት ወር በፊት አይቀባም።